«ፖርክ ቾፕ ሂል»ን በማይገባው ነገር መንቀፍ፦ ለአንድ ትችት የተሰጠ ምላሽ

በኮሪያ ጦርነት አንድ የአሜሪካ ሻምበል በቻይናዎች የተያዘ ኮረብታ ለማስመለስ ያደረገውን ውጊያ የሚተርከውን፣ በ1959 የወጣውን «ፖርክ ቾፕ ሂል» የተባለ የጦር ሜዳ ፊልም የሚተች አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው ዘንድ ደርሷል። ወደ ኮሪያ የዘመተውን የኢትዮጵያ ጦር፣ የቃኘው ሻለቃን፣ ስም ስለሚያነሣ አንባቢው ከልቡ ነው ያነበበው፤ ስለዚህ ዝም ተብሎ ሊታለፍ አይገባም። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ፊልሙ በጦርነቱ ጊዜ ለምልመላ የተሠራ ቅስቀሳ ነው። ዋናው ሰው፣ መቶ አለቃ ክሌመንስ፣ በሆሊውድ የተፈጠረ ነው። ያን ያህል መድፍ ያለው ጦር 135 ሰው ኮረብታ ላይ ጥሎ ስለማይረሳ ታሪኩ አይታመንም። የፓውዛው ትዕይንት ለማስደንገጥ የገባ ነው። ጥቁሩ ወታደር ፈሪ ተደርጎ ቀርቧል፤ ቻይናዎቹም ሰው አይመስሉም። በመጨረሻም ክሌመንስ ከሚመራው ኪንግ ሻምበል ጋር ሆነው ኮረብታውን ያስመለሱት ኢትዮጵያውያን ሆን ተብሎ ከፊልሙ ተቆርጠው ወጥተዋል።

ከእነዚህ ነጥቦች ሁለቱ በከፊል ያስኬዳሉ፤ የቀሩት አያስኬዱም። የሚያሳዝነው ፊልሙ የሚወቀስበት እውነተኛ ነገር እያለው ጸሐፊው በጥንቃቄ የተሠራውን ክፍል መርጠው መንቀፋቸው ነው። ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሚጠቀስበት ቦታ ሁሉ «ዓ.ም.» ተጽፏል፤ የቀረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የምልመላውን ነገር አስቀድመን እንጨርሰው። የኮሪያ ጦርነት ተኩስ አቁም የተፈረመው በጁላይ 27 ቀን 1953፣ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ነው። ፊልሙ ለሕዝብ የቀረበው ከዚያ ስድስት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በሜይ 1959 መጨረሻ ነው። ዳይሬክተሩ ሉዊስ ማይልስቶን በ1930 ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት በሠራው ፊልም የኦስካር ሽልማት ያገኘ ሰው ነው፤ ያ ፊልም ጦርነትን ከሚቃወሙት ሥራዎች በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀስ ነው። ገንዘቡንና ሥራውን የመሩት የግሪጎሪ ፔክ የራሱ ድርጅትና ፕሮዲዩሰሩ ሳይ ባርትሌት ናቸው። ጥቁርና ነጭ ሆኖ 97 ደቂቃ የሚፈጀው ይህ ፊልም ከመጀመሪያው ሩብ ሰዓት በኋላ ወታደሮች ሲወጡ፣ ሲሞቱ፣ እርዳታ ሲጠይቁና ሲከለከሉ ነው የሚያሳየው። ይህን አይቶ ለመመዝገብ የሚሮጥ ወጣት ብዙ አይመስለኝም።

ክሌመንስ ተፈጠረ የተባለው ግን ከሁሉም ቀላሉ ስህተት ነው፤ መዝገብ አለና። ጆሴፍ ክሌመንስ በ1951 ዌስት ፖይንት ከሚባለው የአሜሪካ ጦር አካዳሚ የተመረቀ መኮንን ነው። በኤፕሪል 1953 የ31ኛው እግረኛ ሬጅመንት «ኬ» ሻምበል አዛዥ ነበር፤ ሻምበሉ ኪንግ የሚባለው «ኬ» የሚለው ፊደል በሬዲዮ እንዲህ ስለሚጠራ ነው። ፊልሙ ሲሠራ የሙያ አማካሪ ሆኖ አብሮ ሠርቷል። በፊልሙ ሪፕ ቶርን የሚጫወተው መቶ አለቃ ራስልም በእውነት የነበረ ሰው ነው። የ17ኛው ሬጅመንት «ጂ» ሻምበል አዛዥ ሲሆን ከክሌመንስ ጋር ዋርሳ ወይም አማች እንደሚባለው ዓይነት የጋብቻ ዝምድና ነበራቸው። እነዚህ ሁለት ዘመዳሞች በዚያ ኮረብታ አናት ላይ መገናኘታቸው ድርሰት ቢመስልም የሆነ ነገር ነው። የክሌመንስን ምክትል ኦሃሺን ሆኖ የሚታየው ጆርጅ ሺባታ ደግሞ ሙያው ትወና አልነበረም። ከዌስት ፖይንት የተመረቀ የመጀመሪያው ጃፓናዊ አሜሪካዊ ሲሆን የክሌመንስ የ1951 ኮርስ ጓደኛው ነው።

መሠረቱም መጽሐፍ ነው። የጦር ታሪክ ጸሐፊው ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል በ1953 ኮሪያ ሄዶ ከውጊያ የተመለሱትን ወታደሮች በየክፍላቸው ሰብስቦ ጠይቋል፤ በዚያ ላይ ተመሥርቶ መጽሐፉን በ1956 አሳትሟል። ማርሻል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተዋጉት ወታደሮች ስንቱ በእርግጥ እንደተኮሰ የሰጠው ሐሳብ በኋላ በብርቱ ተተችቷል፤ ያንን መርሳት አይገባም። ነገር ግን ማን መቼ ወጣ፣ የትኛው ሻምበል በየት በኩል ሄደ የሚለው የኮሪያ ዘገባው ከጦሩ የራሱ መዛግብት ጋር የሚሄድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ጸሐፊው «ያን ያህል መድፍ ያለው ጦር ሰዉን እንዴት ይረሳል?» ይላሉ። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ፊልሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚመልሰውም ይህንኑ ጥያቄ ነው። መልሱን ለማየት የአንድ ሻምበል ማጥቃት ከምን ከምን እንደሚገጣጠም ማወቅ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ መሬቱ። ፖርክ ቾፕ በካርታ 255 ተብሎ የሚጠራ ኮረብታ ነው፤ ቁጥሩ ከፍታው በሜትር ነው። ከዋናው የመከላከያ መስመር ወጣ ብሎ የሚገኝ የፊት ጥበቃ ቦታ ነበር። ጎኑን ይጠብቅ የነበረው ኦልድ ባልዲ የተባለው ኮረብታ በማርች 1953 መጨረሻ በቻይናዎች እጅ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ፖርክ ቾፕን ከሦስት አቅጣጫ ማየትና መምታት ተቻለ። በኤፕሪል 16 ምሽት፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1945 ዓ.ም.፣ ቻይናዎች ሲያጠቁ ኮረብታው ላይ የነበረው ቁጥሩ ያልተሟላ የ31ኛው ሬጅመንት «ኢ» ሻምበል ነበር፤ በአንድ ሌሊት ከምሽግ ምሽግ ተቆራርጦ ቀረ። ኪንግ ሻምበል እንዲያስመልስ ታዞ ማጥቃት የጀመረው ሊነጋጋ ሲል፣ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ አሥር ተኩል ገደማ ነው።

ቀጥሎ ሸክሙ። የአብዛኛው ወታደር መሣሪያ አባቶቻችን «ኤም ዋን» የሚሉት ጠብመንጃ ነው። ባዶውን 4.3 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በአንድ ጊዜ 8 ጥይት ይጎርሳል። የወገብ ቀበቶው አሥር ባለ ስምንት ጥይት ማቀፊያ ይይዛል፤ ይህ 80 ጥይት ነው። በትከሻ የሚንጠለጠለው የጨርቅ ዝናር ስድስት ማቀፊያ ሲጨምር ድምሩ 128 ይሆናል። በደንብ እያነጣጠረ የሚተኩስ ሰው በደቂቃ ከ16 እስከ 24 ጥይት ስለሚያወጣ፣ ያ ሁሉ ያለ ፋታ ከተተኮሰ ከአምስት እስከ ስምንት ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። «ባር» የተባለው አውቶማቲክ ወደ 9 ኪሎ ይመዝናል፤ ካዝናው 20 ጥይት ነው፣ ቀበቶው ደግሞ 12 ካዝና። እዚህ ላይ የእጅ ቦምቦች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ግማሽ ኪሎ ያልፋሉ። በዚያ ዓመት በግንባር የተለመደው የፍንጣሪ መከላከያ ሰደርያ ወደ 4 ኪሎ ይጠጋል። ውኃው አንድ ኮዳ፣ ማለትም አንድ ሊትር የማይሞላ ነው። ይህን ሁሉ ይዞ በመድፍ የተፈረፈረ ተዳፋት ላይ በሌሊት መውጣት ነው። አንድ እርምጃ ወጥቶ ግማሹን መንሸራተት ማለት ነው፤ ፊልሙ ይህን መጎተት ሳያሳጥር ያሳያል። ጥይት ጨርሶ ሁለተኛ ሸክም የሚያመጣ ሰው ደግሞ ያንኑ መንገድ መመለስ አለበት፤ መንገዱን ደግሞ የቻይና መድፍና ሞርታር መጥነው ያውቁታል።

ሽቦው ሌላ ነገር ነው። የራስ ወገን ለመከላከል የዘረጋው እሾሃማ ሽቦ ኮረብታው ሲያዝ የጠላት መከላከያ ይሆናል። መድፍ ሽቦን አያጠፋም፤ ይበጣጥሰውና ያጠላልፈዋል። የተቆረጠው ጫፍ በየጉድጓዱ ስለሚከመር አንዳንዴ ካልተመታው የባሰ ይይዛል። የሚያልፈው ሰው መቆም አለበት፤ የሚቆም ሰው ደግሞ ይመታል። በፊልሙ ኪንግ ሻምበል ሽቦው ጋ ሲደርስ ጊዜው የሚበላበት ምክንያት ይህ ነው።

ከሽቦው አልፎ የምሽግ ማጽዳት ሥራ ይጀምራል፤ የሰው ቁጥር የሚያልቀውም እዚያ ነው። በወፍራም እንጨትና በአሸዋ ጆንያ የተሠራን ምሽግ ለመያዝ አንዱ በመተኮሻው ቀዳዳ ላይ ያለማቋረጥ ይተኩሳል፤ ሌላው ከማይታይበት ጎን በሆዱ ተስቦ ቦምብ ይጥላል። ቦምቡ ከአራት እስከ አምስት ሴኮንድ ይቆያል። ወዲያው ከተጣለ ውስጥ ያለው ሰው አንሥቶ ሊመልሰው ይችላል፤ ይዞ መቁጠር ደግሞ የሚጥለውን ሰው ለሞት ያቀርባል። ምሽጉ ውስጥ የአሸዋ ጆንያ ግድግዳ ካለ ፍንጣሪው እዚያው ይቀራል፤ ሥራው እንደገና ይጀመራል። እሳት የሚተፋው መሣሪያ ይረዳል፤ ነገር ግን ሲሞላ 30 ኪሎ ያልፋል፣ የሚረጨውም ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ነው። ተሸካሚው ከሩቅ ስለሚለይ ቀድሞ ይመታል። ምሽጉ ጸዳ ተብሎ ቢታለፍ ደግሞ በመገናኛው ቦይ ጠላት ተመልሶ ይገባበታል፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ሁለት ሰው መተው ግድ ነው። 135 ሰው ይዞ የወጣ አዛዥ አሥር ምሽግ አጽድቶ ሀያ ሰው ትቶ፣ ቁስለኛና ሙት ሲቀነስ፣ ወደፊት የሚሄድ ስንት እንደሚቀረው መደመር አያቅትም። ክሌመንስ አናቱ ላይ ደርሶ ኮረብታውን ሊይዝ ያልቻለው በዚህ ሂሳብ ነው። በቀኝ በኩል ሊያግዝ የወጣው የ«ኤል» ሻምበል ክፍልም በመንገድ ተመትቶ የደረሱት ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ፊልሙ ይህንንም አልቀየረውም።

«መድፉስ?» ለሚለው፦ መድፉ አልጠፋም። በዚያ ውጊያ ፖርክ ቾፕንና በዙሪያው የተጠቁትን የፊት ቦታዎች ለመርዳት ከ77,000 በላይ ጥይት ተተኩሷል፤ ይህ በጦሩ ታሪክ የተመዘገበ ነው። የሚፈነዳው ግን የት ነው? ተከላካዮች ጣሪያ ባለው ምሽግ ውስጥ ተዘግተው ሲቀመጡ፣ ከአናታቸው ላይ በአየር የሚፈነዳ የመድፍ ጥይት መጥራት ይቻላል፤ ደጅ ያለው አጥቂ ይመታል። ማጥቃት ሲጀመር ነገሩ ይገለበጣል። አሁን ጣሪያ በሌለው ቦይ ውስጥ ያለው የራስ ወገን ነው፤ ጠላት ደግሞ በተያዙት ምሽጎች ውስጥ ተሸፍኗል። በአንድ ቦይ ውስጥ ሁለቱ ወገኖች በሃያ ሜትር ልዩነት ሲተኳኮሱ መድፈኛው መሐላቸው ሊገባ አይችልም። ማድረግ የሚችለው የኮረብታውን ዙሪያ በተኩስ ማጠርና ተጨማሪ ጠላት እንዳይደርስ ማገድ ነው። የቻይና መድፈኞችም በበኩላቸው ያንኑ ለአሜሪካውያኑ አድርገዋል፤ የሁለቱም ወገን እርዳታ ተዳፋቱ ላይ ያለቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ለመርሳት መሰለ የተባለው ሁሉ ምንጩ ግን የመገናኛ ጉዳይ ነው። የስልክ ሽቦ በመሬት ላይ ስለሚዘረጋ በመጀመሪያው የመድፍ ዝናብ ይቆረጣል። የጀርባ ሬዲዮ ተሸካሚው ከአዛዡ አጠገብ ስለሚሄድ አብሮ ይመታል፤ ከተረፈም ምሽግ ውስጥ ድምፁ ይጠፋል። ስለዚህ ሻለቃው የሚሰማው ከአንድ ሰዓት በፊት የሆነውን ነው። ክሌመንስ አናቱ ላይ ደረሰ የሚል ወሬ ወደ ታች ሲወርድ «ተያዘ» ሆኖ ይሰማል፤ ከሬጅመንት ወደ ክፍለ ጦር ሲወጣ ደግሞ «እየተጸዳ ነው» ይሆናል። የራስል ሻምበል ጠዋት ደርሶ ከሰዓት በኋላ እንዲወርድ የታዘዘው በዚህ ሥዕል ላይ ተመሥርቶ ነው። ውጊያው መሐል ላይ ከክፍለ ጦሩ የሕዝብ ግንኙነት መኮንን ከፎቶ አንሺዎች ጋር «የተሳካውን ማጥቃት» ሊያነሣ ይመጣል። ተመልካቹ ፈጠራ ነው የሚለው ይህ ትዕይንት በማርሻል ዘገባ ውስጥ ያለ ነው። ክሌመንስ ሰውዬውን መልእክተኛ አድርጎ መለሰው፤ እርዳታ ካልመጣ ኮረብታውን መያዝ እንደማይችል የሚገልጽ ቃል አስይዞ።

መልእክቱ ከደረሰ በኋላም መልሱ ፈጥኖ አልመጣም፤ ጥያቄው የሻለቃው መሆኑ ቀርቶ ነበርና። ክፍለ ጦሩን ያዝዙ የነበሩት ሜጀር ጄኔራል አርተር ትሩዶ ሌላ ሻምበል ከመላካቸው በፊት ኮረብታው ይያዝ ወይስ ይለቀቅ የሚለው ከበላይ መወሰን ነበረበት። የተኩስ አቁም እየተቃረበ ለአንድ የፊት ጥበቃ ቦታ ስንት ሰው ይከፈላል? በፊልሙ ክሌመንስ መልስ ሲጠብቅ የሚያልፈው ጊዜ የድራማ መጎተት አይደለም፤ አዛዦቹ የሚወስኑት የሚያጡትን እየቆጠሩ ነው። ውሳኔው «ይያዝ» ሲሆን በኤፕሪል 17 ምሽትና ሌሊት የ17ኛው ሬጅመንት «ኤፍ» እና «ኢ» ሻምበሎች ተከታትለው ወጡ። በዚያ የሁለት ቀን ውጊያ የአሜሪካ ጦር 104 ሰው ሞቶበታል፤ 373 ቆስሎበታል።

ስለ ፓውዛው። በፊልሙ ኪንግ ሻምበል ወደ ሽቦው ሲቃረብ የራስ ወገን ፓውዛ ድንገት በርቶ ወታደሮቹን በብርሃን ያጥለቀልቃቸዋል። ጸሐፊው «ማን በጦር ሜዳ ፓውዛ ያበራል?» ይላሉ። የአሜሪካ ጦር በኮሪያ ያበራ ነበር። 60 ኢንች፣ ማለትም አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው መስታወት የተገጠመላቸው ትላልቅ ፓውዛዎች ከመስመሩ ጀርባ ይቆሙ ነበር። አንዳንዴ በቀጥታ ወደ ጠላት ተዳፋት ይበራሉ፤ አንዳንዴ ከደመና ላይ አንጸባርቀው ሰፊውን መሬት እንደ ጨረቃ ያበሩታል። ችግሩ የሚፈጠረው ፓውዛውን የሚያበራው ክፍል ከሚያጠቃው ሻለቃ የተለየ የዕዝ ሰንሰለት ስላለው ነው። የማጥቃቱ ሰዓት ለመድፈኛው ተነግሮ ለፓውዛው ክፍል ካልተነገረ፣ ወይም ሰዓቱ ተላልፎ የሚያልፉበት ተዳፋት ካልተገለጸ፣ ባለ ፓውዛው ትእዛዙን እየፈጸመ ወገኑን ያጋልጣል። መድኃኒቱ የማብሪያና የማጥፊያ ሰዓት በጽሑፍ መስጠት፣ የጋራ የይለፍ ቃል መያዝና ከሻለቃው እስከ ፓውዛው የተለየ የስልክ መስመር መዘርጋት ነው። በፊልሙ የጎደለው ይኸው ነው፤ ማጥፋት የተቻለውም በሬዲዮ ጩኸት ከብዙ ሕይወት በኋላ ነው። ስለዚህ ትዕይንቱ ከፊልሙ ሁሉ ይበልጥ የጦር ሠራዊት አሠራርን የሚያስተምር ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ፍራንክሊን የተባለውን ጥቁር ወታደር በተመለከተ ጸሐፊው ያነሡት ቅሬታ የሚደመጥ ነው። ዉዲ ስትሮድ የሚጫወተው ይህ ሰው ከጓዶቹ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ይደበቃል፣ አዛዡ ላይ ጠብመንጃ ያነጣጥራል። ከመላው ሻምበል መካከል ለዚህ ሚና ጥቁር ሰው መመረጡ አጋጣሚ ነው ለማለት ይከብዳል። ነገር ግን ጽሑፉ ሁለት ነገር ትቷል። አንደኛው በጄምስ ኤድዋርድስ የተሠራው አሥር አለቃ ጀርገንስ ነው፤ እርሱም ጥቁር ነው፣ በሻምበሉ ውስጥም ከጠንካሮቹ አንዱ ነው። ሁለተኛው ፍራንክሊን የሚናገረው ነው። ለኮሪያ ለምን እሞታለሁ፣ አገሬ ያለሁበትን ቤት ብታየው ለእርሱም መሞቴን እንጃ የሚል ትርጉም ያለው ንግግር በ1959 በአሜሪካ ሲኒማ አዳራሽ ተሰምቷል። የዘር ልዩነት ያለባቸው ክፍሎች በኮሪያ መዋሐድ የጀመሩት በ1951 ነው፤ የጥቁሮች የነበረው 24ኛው ሬጅመንት በዚያው ዓመት ነው የፈረሰው። ፊልሙ ያንን ጥያቄ ከአንድ ጥቁር ወታደር አፍ አውጥቶ ለክሌመንስ አጥጋቢ መልስ ሳይሰጠው ያልፋል። ይህን ፈሪነት ብቻ ብሎ መዝጋት ፊልሙንም ፍራንክሊንንም ማሳነስ ነው።

ቻይናዎቹ ፊት የላቸውም የሚለው በአጥቂዎቹ ላይ እውነት ነው፤ የሚታዩት ከሩቅና በጨለማ ነው። በድምፅ ማጉያ ለአሜሪካውያኑ የሚናገረው ቻይናዊ ግን በፊልሙ ውስጥ የራሱ ባሕርይ፣ ድካምና ሐሳብ ያለው ሰው ነው። የአሜሪካውያኑን ሁኔታ ከራሳቸው አዛዦች አስቀድሞ የሚያውቀውም እርሱ ነው።

እንግዲህ ፊልሙ መወቀስ ካለበት የሚወቀስባቸው ሦስት ነገሮች እነሆ። የመጀመሪያው የተኩስ አቁም ድርድር የተካሄደበት ፓንሙንጆም ነው። ፊልሙ ውጊያው በሚካሄድበት ሰዓት ትላልቆቹ ተደራዳሪዎች ጠረጴዛ ከበው ሲከራከሩ ያሳያል። ዋናው ድርድር ግን ከኦክቶበር 1952 ጀምሮ ተቋርጦ ነበር፤ የቀጠለው በኤፕሪል 26 ቀን 1953 ነው። ውጊያው በሚካሄድበት ሳምንት የነበረው የታመሙና የቆሰሉ ምርኮኞችን ለመለዋወጥ በኤፕሪል 11 የተደረሰው ስምምነት ዝግጅት ነው፤ ልውውጡ ኤፕሪል 20 ተጀመረ። ማይልስቶን ጠረጴዛውንና ኮረብታውን ለማነጻጸር ጊዜውን አጣብቆታል። ለሲኒማ ይሠራል፤ ለታሪክ ግን ስህተት ነው።

ሁለተኛው የመጨረሻው ምሽግ ነው። የተረፉት ሁሉ በአንድ ጠባብ ቦታ ታጉረው፣ ጠላት በእሳት ሊያቃጥላቸው ሲል እርዳታ ከጫፍ ላይ የሚደርስበት ትዕይንት የካውቦይ ፊልም አጨራረስ ነው። እውነተኞቹ ተራፊዎች በየምሽጉ ተበታትነው ለረጅም ሰዓት በትንሽ ሰው ይዘው ነው የቆዩት፤ ያ ለሲኒማ የማይመች ግን ይበልጥ የሚከብድ ነገር ነበር።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከፋል። ፊልሙ ኮረብታው እንደተያዘ፣ በዚያም ምክንያት ሚሊዮኖች በነጻነት እንደሚኖሩ በሚናገር የትረካ ድምፅ ያልቃል። የጁላይ ውጊያ የለበትም። ቻይናዎች በጁላይ 6 እንደገና አጠቁ፤ አምስት ቀን ከተዋጉ በኋላ የአሜሪካ አዛዦች ኮረብታው ከዚያ በላይ ሰው አይገባውም ብለው ወሰኑ። በጁላይ 11፣ ሐምሌ 4 ቀን 1945 ዓ.ም.፣ ወታደሮቹ በብረት ለበስ ተሽከርካሪዎች ተጭነው ወጡ። ተኩስ አቁሙ የተፈረመው ከዚያ 16 ቀን በኋላ ነው። ክሌመንስ ይያዛል ወይስ ይለቀቃል ብሎ የጠበቀው ጥያቄ የመጨረሻ መልስ ያገኘው ያን ዕለት ነው። ፊልሙ ይህን መዝለሉ በ97 ደቂቃው ሁሉ የጠየቀውን ጥያቄ ሳይመልስ እንዲቀር አድርጎታል። ጸሐፊው ቅስቀሳ ፍለጋ ሲወጡ ሊያዩት የሚገባቸው ቅስቀሳ ይህ ነበር፤ በጽሑፋቸው ግን አንድ ቃል አልተነሣም።

ወደ ቃኘው ስንመጣ ቁጣው ይገባኛል። ሆኖም የተሳሳተ በር ላይ የተንኳኳ ነው። የቃኘው ሻለቃ ተመድቦ የነበረው በ7ኛ ክፍለ ጦር ሥር ከ32ኛው እግረኛ ሬጅመንት ጋር ነው። ፊልሙ የሚተርከው ውጊያ የ31ኛውና ለእርዳታ የመጣው የ17ኛው ሬጅመንት ነው፤ ሦስቱ ሬጅመንቶች በአንድ ክፍለ ጦር ውስጥ ጎን ለጎን ነበሩ። በኤፕሪል 17 ኮረብታውን ለማስመለስ የወጡት ሻምበሎች ኬ፣ ኤል፣ ጂ፣ ኤፍ እና ኢ ናቸው፤ ኢትዮጵያዊ ሻምበል ከእነዚህ ውስጥ የለም። ፊልሙ ያልነበረን ወታደር አላስወጣም። ኢትዮጵያውያን በዚያ ማጥቃት ነበሩ ብሎ መጻፍ በራሳቸው ስም የተዋጉበትን እውነተኛ ውጊያ ሸፍኖ የሌላውን ማልበስ ነው፤ እነዚያ ሰዎች ደግሞ የሰው ታሪክ መዋስ አያስፈልጋቸውም።

የቃኘው ታሪክ ያለው በዚያው መጽሐፍ በሌላው ክፍል ነው። ማርሻል ስለ ሌሊት ቅኝቶችና ስለ ትናንሽ የፊት ጥበቃ ቦታዎች በጻፈው ክፍል ኢትዮጵያውያንን በሰፊው ያነሣል። በተለይ በሜይ 1953 ዮክና አንክል በተባሉት ቦታዎች ያደረጉትን ውጊያ በስም፣ በሰዓትና በቦታ ይዘግባል። ሙታቸውን ሜዳ ላይ ትተው እንደማይመለሱ፣ አንድም ምርኮኛ እንዳልሰጡ የመሰከረውም እርሱ ነው። ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ፣ ሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌና ሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ በየተራ በመሯቸው ሦስት ሻለቃዎች እስከ ተኩስ አቁሙ 121 ሰው ሞቶ 536 ቆስሏል። ቀረ የሚባል ነገር ካለ የቀረው ይህ ነው፤ ፊልሙ ከመጽሐፉ አንዱን ውጊያ ወስዶ ሌላውን ተወው። ወቀሳው በዚህ መልክ ቢቀርብ ማንም አይቃወመውም።

ይህን የተወ ክፍል ወደ ፊልም ማምጣት የሚፈልግ ካለ ደግሞ ሥራው የፖርክ ቾፕን ያህል ወጪ አይጠይቅም። የሌሊት ቅኝት ቡድን ጥቂት ሰዎች ነው። የሚያስፈልገው ሁለት ትይዩ ኮረብታዎች፣ መሐላቸው ያለ የሩዝ ማሳ ሸለቆ፣ የስልክ ሽቦ እየዘረጋ የሚከተል አንድ ወታደርና አስቀድሞ የተመጠነ የመድፍ ተኩስ የሚጠራ አንድ መኮንን ነው። የቡድኑ ሕይወት በዚያ ሽቦ ላይ ይንጠለጠላል። ሽቦው ሲቆረጥ ምን ይደረጋል፣ ቁስለኛውን ማን ይሸከማል፣ ሊነጋ ሲል በየትኛው በር ይመለሳሉ፣ የራስ ወገን ጠባቂ በስህተት እንዳይተኩስ የይለፍ ምልክቱ በምን ይሰጣል፣ ሙት ይዞ መመለስ ስንት ሰው ከተኩስ ያወጣል የሚሉትን በትክክል የሚመልስ ሰው ፊልሙን ሊሠራው ይችላል። መነሻው ግንቦት 1945 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው ዮክና አንክል፣ ዋናዎቹ ሰዎችም ኢትዮጵያውያን ናቸው።